ካናቴራ ለብሰን ቀየት የገባን ጊዜ

መንዝ ደርሼ መጣሁ ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ብርዱ ነው። እሱን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፦ ይበርዳል። አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ነው። ስሙን አልጠራም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል፣ የማያውቀውን ደግሞ ስሙን ቢያውቅም ዘበኛው አያስገባውም። በፊት በመንግሥት ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር አስተምር ነበር። እዚህ ስዛወር ትምህርቱ ያው ሆኖ ስሙ ግሎባል ሲቲዝንሺፕ ተባለ፤ ደመወዜም እንደ ስሙ ረዘም አለ። የገዛ ልጄ ግን አሁንም የሚማረው ሰፈራችን ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ደመወዜ እሱን እዚህ እስከማስገባት ድረስ አልረዘመም።

በየዓመቱ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ለአንድ ሳምንት ገጠር ይወርዳሉ። ደንቡ "ከራሳቸው ማኅበረሰብ የተለየ ማኅበረሰብ ውስጥ ኖረው ይመለሱ" ይላል። ደንቡን ያወጣችው የፕሮግራሙ ኃላፊ ሚስ ኢንግሪድ ናት፤ ልበ ቀና፣ ረጅም፣ ብርድ የማይነካት የውጭ አገር ሰው። አማርኛዋ ሦስት ቃል ነው፦ "አመሰግናለሁ"፣ "ጎበዝ" እና "ዜጋ"። ሦስተኛውን የተማረችው ካናቴራ ስታሳትም ነው። ለዚያ ጉዞ ደረቱ ላይ በትልልቅ ፊደል "የዓለም ዜጋ ነኝ" የሚል ሰማያዊ ካናቴራ ለሁላችንም አሠራችልን። ለእኔም ደርሶኛል፤ "ነኝ" የሚለው ሆዴ ላይ ትንሽ ተለጥጧል።

ከተማሪዎቹ መሃል ሁለቱን ብቻ ላስተዋውቅ። አንዱ ኪሩቤል ነው፤ ክረምቱን አውሮፓ የሚያሳልፍ፣ ነገር ግን ከጣፎ ወዲያ በመኪና ሄዶ የማያውቅ፣ ክፋት የሌለበት ልጅ። ሁለተኛዋ አጸደ ናት፤ ልጆቹ "ኤዲ" ይሏታል። አጸደ ነፃ ተማሪ ናት፤ ትምህርት ቤታችን ጎበዝ የድኻ ልጆችን ጥቂት ጥቂት እየመረጠ ያለ ክፍያ ያስተምራል። የነፃ ተማሪ ወንበር በየዓመቱ ይታደሳል፤ ለማሳደስ ከሚጠየቀው አንዱ ይህን ጉዞ ልክ በደንቡ መፈጸም ነው። ጉዞው ባይሳካ ሌሎቹ ልጆች የሚቀርባቸው ፎቶ ነው። አጸደ የሚቀርባት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ይህን እንዳትረሱብኝ።

ሰኞ

ጠዋት በትምህርት ቤቱ ደጅ ወላጆች ልጆቻቸውን በየመኪናቸው አድርሰው፣ ሻንጣ አውርደው፣ ውኃ በካርቶን አውርደው፣ ለእኔ ደግሞ ምክር አውርደው ሄዱ። የአንዷ እናት "ገጠር ውስጥ አየሩ ንጹሕ ነው አይደል?" ብለው ጠየቁኝ። ነው አልኳቸው። አጸደ ከአክስቷ ጋር በታክሲ መጣች፤ የያዘችው አንድ ቦርሳና አንድ ፌስታል ነው። ፌስታሉ ውስጥ ስኳርና ሳሙና አየሁ። ለሳምንት ጉዞ ይህን ሁሉ ሳሙና ምን ልታደርገው ነው ብዬ ነበር፤ ኋላ ገባኝ።

ሹፌራችን ጋሽ ታፈረ እስከ ደብረ ብርሃን አንድ ቃል አልተናገሩም። ደብረ ብርሃን ምሳ በላን። ጣርማበር ላይ አስፋልቱን ተሰናብተን ወደ ግራ ስንታጠፍ ጎማ ፈነዳ። ያኔ ጋሽ ታፈረ መናገር ጀመሩ፤ የተናገሩትን ግን እዚህ መጻፍ አይቻልም። ጉሙ ከገደሉ ሽቅብ ወጥቶ ሚኒባሷን ዋጣት። ልጆቹ በየሞባይላቸው ኔትወርክ ፍለጋ እጃቸውን ወደ ጣራ ዘርግተው ሲታዩ ጸሎት ላይ ያሉ ይመስሉ ነበር።

ጎማው ተቀይሮ ጉዞ ስንጀምር አጸደ ከኋላ ወንበር "ጋሽ ታፈረ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ ቀስ ይበሉ፤ ጎርፍ የበላው ቦታ አለ" አለች። እውነትም ነበረ። ጋሽ ታፈረ ፍሬን እንደያዙ በመስታወት አይተዋት "በምን አወቅሽ?" አሏት።

"እንዲያው መሰለኝ" አለች።

እንዲያው የሚመስላት ልጅ ናት ብዬ አለፍኩት። አስተማሪ መሆኔን አትርሱ።

መሐል ሜዳ ደረስንና አልጋ ያዝን። "ሙቅ ውኃ አለ?" ብዬ ስጠይቅ የሆቴሉ ልጅ "ይሞቃል" አለችኝ። "አለ" አላለችም፤ "ይሞቃል" ነው ያለችው። በባልዲ አሙቃ አመጣችልኝ፤ እኛ ቤት ካለው ማሞቂያ በጣም ይሻላል፣ እኛ ዘንድ ውኃው እንኳንስ ሊሞቅ አይመጣም። ሁለት የሱፍ ባና ደርበውልኝ ስተኛ ከክብደቱ የተነሣ መገላበጥ አቃተኝ።

ማክሰኞ

ወደምናርፍባት መንደር ወደ ቀየት የሚወስደው መንገድ መንገድ መሆኑን ለማመን ሹፌር መሆን ያስፈልጋል። ስንደርስ ገበያ ቆሟል። ሚስ ኢንግሪድ ፎቶ ላይ እንዲታይ ስላለች ሁላችንም ካናቴራችንን ከሹራብ በላይ አጥልቀን ወረድን።

የሚቀበሉን አያ ጌታነህ ናቸው፤ ቀበሌው ለእንግዳ የሚሆን ቤት ያላቸው ብሎ መርጧቸው። ጠና ያሉ፣ በልጅነታቸው ዳዊት የደገሙ፣ ፊደል ካዩ ሳያነቡ የማያልፉ ሰው ናቸው። እጅ ነስተው ሲጨርሱ የኪሩቤልን ደረት ጎንበስ ብለው አነበቡ።

"የዓለም… ዜጋ… ነኝ።" ቀና አሉ። የሚቀጥለውን ልጅ አነበቡ። ከዚያ የእኔን ሆድ አነበቡ። "ሁላችሁም?"

"ሁላችንም" አልኩ ኮራ ብዬ።

"እነዚህ ልጆችም?"

"እነሱማ ዋናዎቹ ናቸው!"

"እግዚኦ!" አሉ። "ምን አጥፍታችሁ ነው?"

ወዲያው ፊታቸውን ወደ ባለቤታቸው መለሱና "አንቺ በለጡ! ለእነዚህ ልጆች ቶሎ የሚቀመስ ነገር ይምጣ!" አሉ። እትዬ በለጡ ደግሞ ልጆቹን አንድ በአንድ በኀዘኔታ እያዩ ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ ከመንገድ ድካም የተነሣ የከሳን መስሏቸው ነው ብዬ ነበር።

በዚህ መሃል ከማሰሮ ሻጮቹ መደዳ "አጸዱዬ!" የሚል ጩኸት ሰማን። አንዲት ሴት በገዛ ማሰሮዎቻቸው ላይ ተረማምደው፣ አንዱን ሰብረው፣ እየሮጡ መጥተው ኤዲያችንን ጉንጯንም አንገቷንም ትከሻዋንም ሳሟት። ኤዲያችንም "እማ" አለች።

ወይ ጉድ! እናቷ ናቸው። ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቀየት ተወልደው ቀየት የኖሩ። አጸደ አራተኛ ክፍልን ጨርሳ ነው አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ የገባችው። "ምነው ሳትነግሪን?" አልኳት።

"ማን ጠየቀኝ ቲቸር? ወደየት እንደምንሄድ ስሰማ ደስ አለኝና ዝም አልኩ።"

ሚስ ኢንግሪድ አለቀሰች፤ ፎቶም አነሣች። እንባዋን ስትጠርግ ግን ፊቷ ተለወጠ። ወደ ጎን ወሰደችኝና "ታዲያ ይህ ለእሷ የተለየ ማኅበረሰብ አይደለም" አለችኝ። ቤቷ ነው የመጣችው። ደንቡን አልፈጸመችም ማለት ነው። በጣም እንዳዘነች፣ ነገር ግን ደንብ ለሁሉም እኩል መሆን እንዳለበት ነገረችኝ። እኩልነት የትምህርታችን ሁለተኛ ምዕራፍ ነው፤ እኔው ነኝ የማስተምረው።

እራት ላይ አያ ጌታነህ ሲያብሰለስሉት የዋሉትን ጠየቁኝ።

"መምህር፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ይህ ደረታችሁ ላይ ያለው… ባባቶቻችን አፍ ዜጋ ማለት ርስት የሌለው ነው። ሰው መሬት ላይ ተጠግቶ የሚያድር። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪው። ጓሳው፣ የጋራ የሣር ሜዳችን፣ ተከፍቶ ሣር ሲታጨድ ባለእጣው አገሩን መጀመሪያ ያቀናው የአቅኚ አባት ዘር ነው፤ ዜጋው ቆሞ ያያል። እና የዓለም ዜጋ ነን ስትሉኝ፣ ባለም ሙሉ አንዲት ጥማድ መሬት ያጣችሁ መሰለኝ።"

አሁን ዘመን ተለውጦ ዜጋ ማለት ባለመብት፣ ባለአገር ማለት መሆኑን አስረዳኋቸው። ሥነ ዜጋን ለስንት ዓመት እንዳስተማርኩም ነገርኳቸው።

"ባለአገር ማለት ነው?"

"እንደሱ ነው።"

"ታዲያ 'ባለአገር' ብላችሁ አትጽፉም?"

"ካናቴራው ታትሟል፣ አያ ጌታነህ።"

አጸደ በሩ አጠገብ ተቀምጣ እንጀራዋን ትቆርሳለች፣ ግን አትጎርስም። አያ ጌታነህ አዩዋትና ደነገጡ። "ዱሮ ነው እንግዲህ" አሉ ቶሎ ብለው። "መሬቱስ በደርግ ጊዜ ለሁሉም ተዳርሷል። አሁን እንዲያ የሚል ሰው የለም።"

"ፊት ለፊት የሚል የለም" አሉ እትዬ በለጡ ወጥ እየጨመሩ።

ስለ ጓሳው ሕግ ስሰማ ትምህርት ቤታችን ትዝ አለኝ። እኛም ዘንድ መጀመሪያ የሚገባው ወንድሙ የተማረበት ነው፤ ቀጥሎ አባቱ የተማረበት፤ ቀጥሎ የወላጅ ኮሚቴውን የሚያውቅ። አቅኚ አባት አንላቸውም እንጂ አሉን። አጸደም ቆማ ባታይም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳዋን ለብቻዋ ስትበላ አይቻለሁ።

ረቡዕ

የመጣንበት ሥራ በቀየት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የዓለምን ካርታ መሳል ነው። ርእሰ መምህሩ "የሚቀመጡበት ወንበር ብትሠሩልን" ብለው ደብዳቤ ጽፈው እንደነበር ሰማሁ፤ እኛ ያለን ግን ቀለም ነው። ግድግዳው በጭቃ አዲስ ተመርጓል፤ ለእኛ ክብር ሲባል።

አጸደ በመዳፏ ዳሰሰችውና "ቲቸር፣ ምርጊቱ አልደረቀም፤ ቀለም አይዝም" አለች። ለሚስ ኢንግሪድ ተረጎምኩላት። ካርታው በፕሮግራሙ ላይ የረቡዕ ነው አለችኝ። ስለዚህ ረቡዕ ተሳለ። ኪሩቤል አውስትራሊያ ደረሰችው፤ ምላሱን አውጥቶ፣ ተጨንቆ ተጠብቦ ሳላት።

ለምሳ ወይዘሮ ጥሩነሽ ጠርተውናል። ስንነሣ እትዬ በለጡ "እዚያ ልትበሉ ነው?" አሉ። ከዚያ "ብሉ፣ ብሉ፣ እናንተ እንግዶች ናችሁ" ብለው እስከ አጥሩ ሸኙን። አጥሩን ግን አላለፉም። ሸክላ ሠሪ ቤት ገብቶ መብላት በአገሩ የተለመደ አይደለም፤ ክልክል ነው የሚል ሰው አላገኘሁም፣ ሲገባም ያየሁት ሰው የለም።

ወይዘሮ ጥሩነሽን "እንደምን ዋሉ?" ስላቸው ሰላምታው ለማን እንደሆነ ለማየት ዘወር ብለው ከኋላቸው ሰው ፈለጉ። ማንም አልነበረም። ሚስ ኢንግሪድ ከሻንጣዋ የወተት ቸኮሌት አውጥታ ስትሰጣቸው "ዛሬማ ጾም ነው፤ ለፋሲካ ይቀመጥልኝ" ብለው መደርደሪያው ላይ አኖሩት፤ ፋሲካ ገና ሩቅ ነበር። ሽሮው በራሳቸው ድስት የተሠራ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ሽሮ በልቼ አላውቅም፤ ባለቤቴ ይህን እንዳታነብ። ኪሩቤል ሦስቴ ተጨመረለት። አጸደ አጠገብ ቁጭ ብሎ ከአንድ ገበታ በላ። ሁለት ዓመት በአንድ ክፍል ተምረው አብረው ሲበሉ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

ከምሳ በኋላ አጸደ የገጠማትን ለእናቷ ነገረቻቸው፦ የዚህ አገር ሰው በመሆኗ ወንበሯ ላይታደስ እንደሚችል። ወይዘሮ ጥሩነሽ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

"የዚህ አገር ሰው ናችሁ ብሎ የከሰሰን ገና ዛሬ ተገኘ!"

"እማ፣ የምሬን ነው። ያሰናብቱኛል።"

ሳቁ ቆመ። ወደ እኔ ዞረው "እውነት ነው መምህር?" አሉኝ። እውነት ነው አልኩ። አንገቴን ደፋሁ፤ አፈርኩ። እኔ ያወጣሁት ደንብ አይደለም፤ ግን ካናቴራውን ለብሼዋለሁ።

ሐሙስ

ጠዋት ስንደርስ አውስትራሊያ ወድቃለች። ከነምርጊቷ ተሰንጥቃ መሬት ላይ ተዘርግታ አገኘናት። ኪሩቤል ቁርጥራጩን ለቃቅሞ እንደገና ሊያጣብቅ ሲሞክር አንጀቴን በላው።

አጸደ ጫማዋን አውልቃ ጭድና እበት ከጭቃው ጋር እየረገጠች አቦካችው። ኪሩቤልም ጫማውን አወለቀ፤ ጫማው የእኔን የአንድ ወር ኑሮ ያክላል። እንዴት እንደሚረገጥ፣ በመዳፍ እንዴት እንደሚለሰን አሳየችው። ሚስ ኢንግሪድ በደስታ ስትጽፍ አየኋትና ምን እንደጻፈች ጠየቅኋት። ኪሩቤል አዲስ የአካባቢ ሙያ ስለተማረ ነጥብ ተሰጥቶታል።

"ያስተማረችውስ?" አልኳት።

"ለእሷ አዲስ አይደለም" አለችኝ።

ያኔ ደሜ ፈላ። ሰው ቢያየኝም ግድ አልሰጠኝም። "ይህች ልጅ ከቀየት ተነሥታ መጥታ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእነዚህ ልጆች ጋር ኖራለች፤ እሱ ከራስ የተለየ ማኅበረሰብ ካልሆነ ምንድን ነው?" አልኳት። ሚስ ኢንግሪድ በጥሞና አዳመጠችኝ። በጣም አስደሳች ሐሳብ ነው አለች። ነገር ግን ከጉዞው ሳምንት ውጭ ስለሆነ አይቆጠርም።

ክፉ ሰው አይደለችም። ትንሽ አሰበችና አንድ ቀዳዳ አገኘችልን። ነገ ጓሳ ላይ አያ ጌታነህ በማኅበረሰቡ ስም ስለ እያንዳንዱ ተማሪ ይናገራሉ። እሳቸው አጸደን "የእኛ አይደለችም" ካሉ፣ እሷ የማኅበረሰቡን ቃል ትቀበላለች። እኔም ይህንኑ ለወይዘሮ ጥሩነሽ ነገርኳቸው።

ወዲያው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ከአያ ጌታነህ አጥር ደጅ ቆመው ጠሯቸው፤ ወደ ውስጥ አልገቡም። እኔ ገብስ ማሳ የገባች በግ የማባርር መስዬ እዚያው ነበርኩ።

"አያ ጌታነህ፣ ነገ ፈረንጇ ስትጠይቅዎ አጸደ የእናንተ ዘር አይደለችም ይበሉልኝ።"

"ምን ማለትሽ ነው ጥሩነሽ?"

"ሌላ ጊዜ ከኋላ የሚባለውን ነገ ከፊት ይበሉት። ውሸት አልጠየቅኩም።"

"እኔ ብዬሽ አውቃለሁ?"

"እርስዎስ አላሉም። ሲባል ግን ነበሩ።"

አያ ጌታነህ በከዘራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። "እሺ" አሉ። "ላንቺ ስል እላለሁ።" በጊቱም ገብሱን በልታ ጠገበች።

ዓርብ

ጓሳ የወጣነው ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በእግር ነው። ለሚስ ኢንግሪድ ፈረስ ቀረበላት፤ እግሯ ረዝሞ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ስለ ጓሳ ውበት ሌሎች ስለጻፉ እኔ አላደክማችሁም፤ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ሣሩ እስከ ጉልበት ነው፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ እኛን ሲያዩ አልተደነቁም። ወይዘሮ ጥሩነሽ ከኋላችን በእግር መጥተው ራቅ ብለው ተቀመጡ።

ሚስ ኢንግሪድ ተማሪዎቹን በክብ አስቀመጠችና አያ ጌታነህን በእኔ አስተርጓሚነት ትጠይቅ ጀመር። ስለ ኪሩቤል "ጭቃ ይወዳል፤ ይባረክ" አሉ። ስለ ሌሎቹም ደግ ደጉን ተናገሩ። የአጸደ ተራ ደረሰ።

"ይህች ልጅ ከእናንተ ማኅበረሰብ ናት ወይ ትላለች" አልኳቸው።

አያ ጌታነህ ልጅቷን አዩ። እናቷን አዩ። ሣሩን አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያ የጠበቅነው ቃል አልወጣ አላቸው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እናትየው ቁጭ ብለው እያዩ፣ ልጅቷ ዓይን ዓይናቸውን እያየች።

"የእኛ ልጅ ናት" አሉ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ፊታቸውን አየሁት። ይህን ቃል ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁት ኖረው፣ ሲመጣ በማይሆን ቀን መጣባቸው። እኔ እንድተረጉም ሁሉም ይጠብቀኛል። ሳልኩ። ደግሜ ሳልኩ። ሚስ ኢንግሪድ ውኃ ሰጠችኝ፤ ጠጣሁና ሳልኩ።

"አያ ጌታነህ!" አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ። "ስለ ማርያም! ልጄን አያስቀሩብኝ!"

አያ ጌታነህ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉት። ተቆጡ፣ በማን ላይ እንደሆነ ግን አልታወቀም። "በሉ እንግዲህ ካላችሁ፣ በዱሮው አፍ ከሆነ… ዜጋ ናት! ጓሳው ላይ እጣ የላትም!"

አፌን ከፍቼ ልተረጉም ስል ሚስ ኢንግሪድ ከመቀመጫዋ ተፈናጥራ ተነሣች።

"ዜጋ!" አለች። "ዜጋ! ጎበዝ! አመሰግናለሁ!"

ያላትን አማርኛ በሙሉ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። አጸደን አቀፈቻት፤ አያ ጌታነህንም አቀፈቻቸው፤ እሳቸው እንደ ግንድ ቀጥ ብለው ቆሙ። ማንም ሳያስተምራቸው፣ በገዛ ቋንቋቸው፣ የአገር ሽማግሌ አንዲትን ተማሪ ዜጋ ብለው ጠሩ፤ የፕሮግራሙ ዓላማ ከዚህ ሌላ ምን አለ አለችኝ። ከደንቡ ሁሉ በላይ ነው። ከዚያ በእንግሊዝኛ "ዜጋ ነው ያሉት አይደል?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ቃል በቃል" አልኳት።

በዚያ ቃል ነው ወንበሩ የታደሰው። አዲስ አበባ ስንመለስ ሚስ ኢንግሪድ ነገሩን ለዳይሬክተሩ እያለቀሰች ነገረችው፤ አጸደም አሥራ ሁለተኛን ከእኛ ጋር ጨረሰች።

ቁልቁል ስንመለስ አያ ጌታነህ በክንዴ ይዘው አስቀሩኝ። "ምን ሆና ነው እንዲያ የተደሰተችው?"

"ዜጋ ስላሉ ነው።"

"እኔ እኮ ያልኩት…"

"ይተዉት አያ ጌታነህ።"

ተዉት። ጥቂት ሄደው ግን ቆሙና ወይዘሮ ጥሩነሽ እስኪደርሱ ጠበቁ። "ከልቤ የተናገርኩት የመጀመሪያውን ነው" አሏቸው ቀስ ብለው።

"ሰምቻለሁ" አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ።

ጎን ለጎን ወረዱ። ስንደርስ አያ ጌታነህ ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ወይዘሮ ጥሩነሽም ወደ ቤታቸው። ሌላ ነገር የሚጠብቅ አንባቢ ካለ ይቅርታ፤ የሆነው ይህ ነው።

ቅዳሜ

የመመለሻችን ለት እትዬ በለጡ ለእያንዳንዱ ልጅ የገብስ ቆሎ በፌስታል ቋጠሩ። ለእኔ አንድ ባና ተሰጠኝ። አልቀበልም ብዬ ብከራከርም "ርስት ለሌለው ሰው ብርዱ ይከብዳል" ብለው አያ ጌታነህ ትከሻዬ ላይ ጣሉብኝ፤ እየቀለዱ እንደሆነ ፊታቸው አይናገርም። ካርታውን ለመጨረሻ ጊዜ አየነው። አዲሷ አውስትራሊያ ጠንክራ ይዛለች፤ አፍሪካን ልታክል ትንሽ ቀርቷታል።

ጋሽ ታፈረ ሞተሩን አስነሥተው ጥሩንባ ይነፋሉ። አጸደ ስኳሩንና ሳሙናውን ለእናቷ ሰጥታ ጨርሳለች፤ የቀራት የሚሰጥ ነገር የለም። ካናቴራውን ከሹራቧ ላይ አወለቀችና ዘረጋችላቸው። ወይዘሮ ጥሩነሽ ከቀሚሳቸው በላይ አጠለቁት፤ ልክ ሆናቸው። እጃቸው ላይ የደረቀው ጭቃ ሰማያዊውን ነካ አደረገው። ፊደል ስላልቆጠሩ ደረታቸውን ወደ እኔ ሳብ አድርገው ጠየቁኝ።

"ምን ይላል መምህር?"

ውሸት አማረኝ። አያ ጌታነህ አጠገባችን ቆመው ጫማቸውን ያያሉ።

"'የዓለም ዜጋ ነኝ' ይላል" አልኳቸው።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ጽሑፉን በመዳፋቸው ዳበሱት። ከዚያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ልጃቸውንም ሳብ አድርገው ግንባሯን ሳሟት።

"እኔ እኮ እስከ ዛሬ የመንዙ ዜጋ ብቻ ነበርኩ" አሉ። "ልጄ ተምራ የዓለሙን አመጣችልኝ።"